ኦርጋኑን ማን ነበር የሚጫወተው? ስለ ኃይሉ መርጊያና ስለ ዋልያስ ባንድ

ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ሙሉቀን መለሰ በአሜሪካ ማረፉ ሲሰማ ስልካችን ለሳምንት ያህል በእሱ ድምፅ ተሞልቶ ነበር። የጎጃም ልጅ በመሆኑ እኛ ደብረ ወርቅ ያለን ሰዎች ሐዘኑን እንደ ቤት ሐዘን ነው የተቀበልነው። በዘፈኑ ዘመን የነበሩት ስለ ዘፈኑ አወሩ፣ ዘፈን ትቶ ወደ መዝሙር መግባቱን የሚያውቁት ስለዚያ አወሩ። እኔ ካየሁት ልጥፍ ሁሉ ግን አንድ ነገር አጣሁ። ከድምፁ ጀርባ ያለውን ኦርጋን ማን እንደሚጫወተው የጻፈ አላጋጠመኝም። ከዳህላክ ባንድ ጋር በሠራቸው ዘፈኖች ላይ ኦርጋኑ የዳዊት ይፍሩ ነው። ያን ኦርጋን ከዘፈኑ ላይ አንሱትና እስቲ ስሙት፤ ግማሹ ሰውነቱ ይጎድላል።

ይህ የእኛ ሀገር ነገር ይገርመኛል። ምክንያቱም እዚህ ደብረ ወርቅ ማርያም ጥላ ሥር፣ በጎጃም የቅኔ ምድር ያደገ ሰው የባለቤትን ስም መጠየቅ ልማዱ ነው። ጥሩ ቅኔ ሲነገር የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ነው?» የሚል ነው። የመምህሩ ስም፣ የጉባኤ ቤቱ ስም ከቅኔው ጋር አብሮ ይተላለፋል። ወደ ዘፈን ስንመጣ ግን የምንጠይቀው የዘፋኙንና፣ ግፋ ቢል፣ የግጥሙን ባለቤት ነው። ቃል የሌለው ነገር ባለቤት ያለው አይመስለንም።

ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ ስለ አንድ ኦርጋን ተጫዋች ነው። ሞቶ ሳይሆን በሕይወት እያለ የሚታወስ ሰው ነው። ስሙ ኃይሉ መርጊያ ይባላል፤ ጋሽ ኃይሉ ብል ይሻለኛል፣ ዕድሜያቸው ሰማንያን እያንኳኳ ነው።

ጋሽ ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1946 ሸዋ ውስጥ ተወለዱ። ልጅ ሳሉ አዲስ አበባ ገቡና ገና በአፍላነታቸው አኮርዲዮን ያዙ። ያኔ አኮርዲዮን ትልቅ ነገር ነበር፤ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች በነገሡበት ዘመን የከተማው ሙዚቃ አንዱ ቀለም የእሱ ድምፅ ነበር። ከአኮርዲዮን ወደ ኦርጋን የሚደረገው ሽግግር ሩቅ አይደለም፤ ቁልፉ ያው ነው፣ የሚቀረው አየር ማስገባቱ ብቻ ነው። በምሽት ክበቦች እየተዘዋወሩ ከተጫወቱ በኋላ በ1960ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ከጓደኞቻቸው ጋር ዋልያስ ባንድን አቆሙ።

ዋልያስን ከሌሎቹ የሚለየው አንድ ነገር ነበር። በዚያን ጊዜ መሣሪያው የክበቡ ባለቤት ንብረት ነበር። ሙዚቀኛው ባዶ እጁን ገብቶ፣ ተጫውቶ፣ ባዶ እጁን ይወጣል። ባለቤቱ ሲቆጣ ባንዱ ይፈርሳል። ዋልያሶች የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ በዘመኑ ግን የራሱ በሬ ያለው ገበሬ እንደመሆን ነው። የራሱ በሬ ያለው ሰው ከማንም ጋር የሚዋዋለው ቀና ብሎ ነው። እነሱም ከአዲስ አበባ ሒልተን ጋር ተዋውለው ለብዙ ዓመታት የቤቱ ባንድ ሆኑ።

የሒልተኑ ዘመን ግን የደርግ ዘመን ሆነ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። ከተማው በጊዜ ይዘጋል፣ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ዕጣው አይታወቅም። ሙዚቃ ቆመ ወይ? አልቆመም፤ በሩን ዘግቶ ቀጠለ። የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ይህን ነገር ቆም ብላችሁ አስቡት። ውጭ ቀይ ሽብር አለ፣ ውስጥ ሰዎች ይደንሳሉ፣ ኦርጋን የያዘው ሰው ደግሞ ሰው ከወንበሩ እንዳይነሳ ሌሊቱን ሙሉ ዜማ ማቅረብ አለበት። ዘፋኝ ድምፁ ይደክማል፤ ስለዚህ የሌሊቱን ብዙ ክፍል የሚሸፍነው ያለ ቃል የሚሄድ ሙዚቃ ነበር። ሌላም ጥቅም ነበረው። ቃል ሳንሱር ይደረጋል፤ በመሣሪያ ብቻ የሚጫወቱትን ዜማ ግን ሳንሱሩ ምን ብሎ ይሰርዘዋል?

እ.ኤ.አ. በ1977 ዋልያሶች «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አሳተሙ። በእኛ ቤት አሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው የካይፋ ባለቤት ነው ያወጣው። («ቼ በለው» ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ፈረሰኛ አላስረዳም፤ ሸክላውም ስሙን ይመስላል፣ ይጋልባል።) ሙሉው በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው። ዘፋኝ በሌለው ሸክላ ገንዘብ ማውጣት በዚያ ዘመን ድፍረት ነበር። በውስጡ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው የግርማ በየነ ሥራ አለ። ርዕሱን የማያውቅ ሰው ዜማውን ያውቀዋል፤ ኋላ በውጭ ባንዶች ብዙ ጊዜ የተጫወተ፣ ምናልባትም ከኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ውስጥ በዓለም ላይ በጣም የተደመጠ ቃል አልባ ዜማ ነው። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ጋሽ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠሩ። የሒልተን ሰው ከግዮን ባንድ ጋር መሥራቱ ራሱ የዚያን ዘመን ሙዚቀኞች መንፈስ ያሳያል፤ ተፎካካሪም ወንድማማችም ነበሩ።

ከዚያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ዋልያሶች ወደ አሜሪካ ለጉብኝት ሄዱ። የሚጫወቱት በአብዛኛው ለስደተኛ ወገኖቻቸው ነበር፤ የአሜሪካ ሰው ገና አያውቃቸውም። ጉብኝቱ ሲያልቅ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ከፊሉ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ግርማ በየነ፣ ሳክስፎኒስቱ ሞገስ ሀብቴ፣ ቤዝ ጊታሪስቱ መላከ ገብሬና ኃይሉ መርጊያ ቀሩ። ማንም ማንን የሚወቅስበት ነገር አይደለም። መመለስም መቅረትም በዚያ ዘመን ዋጋ ነበረው። ዋልያስ ግን በዚያች ውሳኔ አበቃ። በሰዓት እላፊ ያልፈረሰ ባንድ አየር ማረፊያ ላይ ፈረሰ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

እ.ኤ.አ. በ1985 ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ፣ የወዳጅ በሆነ አነስተኛ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻቸውን ገቡ። ባንድ የለም። ከፊታቸው ያለው አንድ ሮድስ ፒያኖ፣ አንድ ሙግ፣ አንድ ያማሃ ዲኤክስ 7፣ አንድ ድራም ማሽንና የልጅነታቸው አኮርዲዮን ነው። ዲኤክስ 7 ያኔ ከወጣ ሁለት ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው፤ ድምፅን በቁጥር ስሌት የሚፈጥር፣ በዓለም ገበያ ላይ እንደ ጉድ የተሸጠ መሣሪያ ነበር። በዚያ ዘመን የተሠራ ማንኛውንም የፈረንጅ ፖፕ ብትከፍቱ ያንን የሚያብረቀርቅ የደወል ድምፅ ታገኙታላችሁ። ጋሽ ኃይሉ ግን በዚያ መሣሪያ የፈረንጅ ፖፕ አልሠሩም። ማሽኑን ቀስ ብሎ እንዲመታ አድርገው፣ በላዩ የቆዩ የሀገር ቤት ዜማዎችን በአኮርዲዮን ዘረጉ። «ሸሞንሟናዬ» የዚያ ካሴት አንዱ ዘፈን ነው። አሁንም ያለ ቃል።

ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሱት ጀርመኖቹ ክራፍትቨርክ ናቸው። ከመሥራቾቹ አንዱ ፍሎሪያን ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ2020 ሲያርፍ የዓለም ጋዜጦች በሙሉ ጻፉለት፤ ይገባዋልም። የጃፓኑ የሎው ማጂክ ኦርኬስትራም በ2023 በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለት ሰዎቹን፣ ዩኪሂሮ ታካሃሺንና ሪዩቺ ሳካሞቶን፣ ሲያጣ እንዲሁ ሆነ። እነዚህ ሰዎች ማሽንን የመረጡት ፈልገው ነው። በተለይ ክራፍትቨርኮች ማሽን መምሰል ራሱ ሐሳባቸው ነበር፤ በመድረክ ላይ በራሳቸው ፈንታ አሻንጉሊት እስከማቆም ደርሰዋል።

የእኛ ታሪክ ተቃራኒው ነው። ጋሽ ኃይሉ ወደ ድራም ማሽን የሄዱት ከበሮ መቺው አዲስ አበባ ስለቀረ ነው። ማሽኑ ወደፊት ሳይሆን ወደ ኋላ ነው የወሰዳቸው፤ ወደ አኮርዲዮን፣ ወደ ትዝታ። የዚያን ካሴት ድምፅ ስትሰሙ የሚይዛችሁ ብቸኝነት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። አንድ ሰው የስድስትና የሰባት ሰው ቦታ ይዞ፣ እያንዳንዱን ወንበር በየተራ እየተቀመጠበት የሠራው ሙዚቃ ነው።

ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አካባቢ የተለመደ ክስ አለ፦ «ኦርጋን ሙዚቃችንን ገደለው።» ሠርግ ላይ አንድ ልጅ ኦርጋኑን ዘርግቶ፣ ሁለት ሞንታርቦ አቁሞ፣ ከበሮውንም ማሲንቆውንም ከማሽኑ ሲያወጣ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። እኔም አንዳንዴ እነቀንቃለሁ፤ ማሲንቆ ከሚኖርበት ሀገር መሃል ተቀምጦ የማሲንቆ ቅጂ መስማት ያናድዳል። ማሲንቆ በጣት ተንሸራትቶ የሚደርስባቸውን ድምፆች ቁልፍ ያለው መሣሪያ ዘሎ ነው የሚያልፋቸው፤ ይህ የጆሮ ጉዳይ ነው እንጂ የወግ አጥባቂነት ጉዳይ አይደለም።

ክሱ ግን ቅደም ተከተሉን ያዛባል። ባንዶቹን ኦርጋን አልበተናቸውም። መጀመሪያ የተበተኑት ሰዎቹ ናቸው። በደርግ ዘመን ትልልቆቹ ባንዶች አባሎቻቸውን በየጉብኝቱ እያጡ ነበር። ከአይቤክስ የወጣው ሮሃ ባንድ ለቁጥር የሚታክት ካሴት እያጀበ የዘመኑን ሙዚቃ ለብቻው የተሸከመ ያህል ነበር፤ እሱም በስደት ሳሳ። የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች በአንድ ቀን አይገኝም። ሳክስፎን፣ ትራምፔትና ትሮምቦን የሚነፉትን በብዛት ያፈሩት የጦሩና የፖሊስ የሙዚቃ ክፍሎች ነበሩ፤ እነሱ ሲዳከሙ ምንጩ ደረቀ። ካሴት አሳታሚው ደግሞ ለስምንት ሰው ከሚከፍል ለአንድ አቀናባሪ ቢከፍል ይቀለዋል። ኦርጋኑ የመጣው በዚህ ሁሉ መጨረሻ ላይ፣ ባዶ ወንበሮችን ሊሞላ ነው። ለሞላው ቦታ ልንወቅሰው አይገባም።

ደግሞ ነገሩን ጠለቅ ብላችሁ ካያችሁት፣ አንድ ሰው ብቻውን ሙሉ ሙዚቃ መሆኑ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አዝማሪ ምንድን ነው? ዜማውም፣ ግጥሙም፣ አጃቢውም፣ ጨዋታውም እሱ ራሱ ነው፤ ከሠርግ ቤት ጠጅ ቤት፣ ከጠጅ ቤት ሠርግ ቤት ማሲንቆውን ይዞ ይዞራል። ባንድ የሚባለው ነገር ነው በእኛ ሀገር የመቶ ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው። ጋሽ ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ማሽኑን ይዘው ሲቀመጡ ሳያስቡት ወደ አዝማሪው አቀማመጥ ነው የተመለሱት። ልዩነቱ ፊት ለፊታቸው «ይበል!» የሚል ሰው አለመኖሩ ነው።

ካሴቱ ሀገር ቤት ገባ። በወቅቱ ካሴት በእኛ በኩል እንዴት እንደሚመጣ የሚያስታውስ ያስታውሳል፤ አዲስ አበባ የሄደ ነጋዴ ወይም የአውቶቡስ ሾፌር በደጀንና በብቸና በኩል ይዞት ይመጣል፣ ከዚያ ከአንዱ ቴፕ ወደ ሌላው ይገለበጣል። ሲገለበጥ የሚጠፋው የድምፁ ጥራት ብቻ አይደለም። ሽፋኑ ይቀራል። ባዶ ካሴት ላይ በእስክርቢቶ የሚጻፈው የዘፋኙ ስም ነው፤ ዘፋኝ ከሌለው «ሙዚቃ ብቻ» ተብሎ ይጻፍበታል። እኔ ልጅ ሆኜ ቤታችን ውስጥ «ሙዚቃ ብቻ» የሚል ካሴት ነበር። በሬዲዮም በፕሮግራምና በፕሮግራም መሃል የሚገባው፣ ዜና እስኪጀምር የሚሞላው፣ የሙት ማስታወቂያ ሥር የሚሰማው ይኸው ዓይነት ነበር። ትውልድ ሙሉ አብሮት አደገ፤ ስሙን ሳይጠይቅ።

ሰውዬውስ? ጋሽ ኃይሉ ከሞገስና ከመላከ ጋር ዙላ በሚባል ባንድ ለተወሰነ ጊዜ ተጫወቱ። ከዚያ መድረክ ራቀ። ታክሲ መንዳት ጀመሩ፤ ዋሽንግተን አቅራቢያ ዳላስ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ የሚጠብቁ ሾፌር ሆኑ። ክራፍትቨርኮችን ዓለም ያወቃቸው ስለ አውራ ጎዳና በሠሩት ሙዚቃ ነው፤ የእኛው ሰው ደግሞ ሙዚቃውን ሠርቶ ሲያበቃ አውራ ጎዳናው ላይ ዋለ። ግን አንድ ነገር አልተዉም። መኪናው ኋላ ላይ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኦርጋን ነበረቻቸው። ተራ እስኪደርስ ድረስ አውጥተው ይለማመዳሉ፣ ተሳፋሪ ሲመጣ መልሰው ያስቀምጣሉ። ለማን? ያኔ የሚጠብቃቸው መድረክ አልነበረም። ባለሙያ ማለት ለእኔ ይኸ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ ያንን የ1985 ካሴት አገኘ። የት? ባሕር ዳር። ከእኛ ደብረ ወርቅ የግማሽ ቀን መንገድ በማይሞላ ከተማ፣ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ። ካሴቱ እዚያ ሲቀመጥ ስንት ሰው አልፎታል? ሰውየው ገዛው፣ ሰማው፣ ሽፋኑን አነበበ፣ ባለቤቱን ፈልጎ ደወለላቸው። ታክሲ ላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ካሴቱ እንደገና ታተመ፤ «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 ተከተሉ። ጋሽ ኃይሉ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ እንደገና ታዩ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አዲስ ሠርተው አወጡ። የሰባ ዓመት ሰው አዲስ አልበም ይዞ ሲመጣ ያየ አለም ተገረመ።

ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ የሚተርኩ ሰዎች እዚህ ላይ ያጨበጭባሉ፤ «ፈረንጅ አገኛቸው» ተብሎ። እኔ ግን ማጨብጨቡ ይከብደኛል። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ የሚገባውን አድርጓል፣ ለባለቤቱም ደውሏል። የሚከብደኝ የእሱ ሥራ ምን ያህል ቀላል እንደነበር ሳስብ ነው። የጠፋ ነገር አልነበረም። ሱቅ ላይ ነበር። ስሙ ሽፋኑ ላይ ተጽፏል። ሰውየውም በሕይወት አሉ፣ ስልክ አላቸው፣ እልፍ አእላፍ ኢትዮጵያዊ በሚኖርበት ከተማ ይነዳሉ፤ ምናልባት ያሳፈሯቸው ሐበሾች ዜማቸውን በስልካቸው ይዘውት ነበር። የጎደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «የማን ነው?»

ሕጉ እንኳ ከእኛ ቀድሟል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው ብቻ አይደለም፣ ለከዋኙም መብት ሰጥቷል፤ ኦርጋን የተጫወተው ሰው በሕግ ፊት ሰው ነው። ነገር ግን ስሙ ያልተመዘገበ ከዋኝ ምን ብሎ ይጠይቃል? የድሮ ዘፈኖች ዛሬ በዩቲዩብ ላይ ሚሊዮን ጊዜ ይከፈታሉ፣ ከሥሩ የሚጻፈው የዘፋኙ ስምና «የድሮ ምርጥ» የሚል ነው። ከጊዜያችን ሰዎች ይህን ነገር ለመለወጥ የደከመው ኤልያስ መልካ ነበር። በኮምፒውተር የሠራቸው ቅንብሮች የትውልዳችንን ጆሮ የቀረጹ፣ ያሬድ ትምህርት ቤት ቼሎ የተማረ ሰው፤ በመጨረሻ ዘመኑ ለባለሙያው ክፍያ የሚደርስበትን መንገድ ከጓደኞቹ ጋር ሲያበጅ ነበር። መስከረም 2012 ዓ.ም. አረፈ። እሱ ሲያርፍ ግን ቢያንስ ስሙን እናውቅ ነበር፤ አቀናባሪ በአደባባይ ሲለቀስለት በሕይወቴ ያየሁት ያኔ ነው። ጥሩ ጅምር ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እንሥራ ብዬ አስቤአለሁ፣ የዚህ ቻናል ሰዎች ከረዳችሁኝ። ቤታችሁ፣ ወይም ጎጃም ውስጥ በየከተማው በተዘጉ ሙዚቃ ቤቶች፣ ኦሪጅናል ሽፋን ያለው ካሴት ይኖራል። ሽፋኑን ዘርግታችሁ ሁለቱንም ገጽ በስልክ አንሱት። በተለይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የውስጠኛውን ገጽ፤ ባንዱ፣ አቀናባሪው፣ ኦርጋን፣ ቤዝ፣ ከበሮ፣ ስቱዲዮ የሚለውን። ብርሃን ያለበት ቦታ ይሁን፣ ፊደሉ እንዲነበብ። በቻናሉ አድራሻ ላኩልኝ፤ እየተየብኩ በየሳምንቱ እለጥፈዋለሁ። ሽፋኑ የጠፋበት፣ በእስክርቢቶ «ሙዚቃ ብቻ» የሚል የተጻፈበት ካሴት ያላችሁም አትጣሉት፤ ሰላሳ ሰኮንድ ያህል ቀድታችሁ ላኩት። ከመካከላችን የሚለየው ሰው አይጠፋም።